ለእንግዳ የማይቀርብ ዳቦ

ፍኖተ ሰላም ላይ ዳቦ ቤት አለኝ። የምሸጠው ነጭ ዳቦ ነው፤ ከፉርኖ ዱቄት የሚጋገር፣ ሲሞቅ የሚያስጎመጅ፣ በማግስቱ ግን ጥርስ የሚፈትን። ሕዝቡ ይወደዋል፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። በምዕራብ ጎጃም ውስጥ "የተነፋ ዱቄት ይቅርባችሁ" ብሎ ሊሰብክ የማይገባው ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ነበርሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ሰባኪው እኔው ሆንሁ።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ሐኪም ናት። ለሆስፒታሉ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ከእኔ ዳቦ ትገዛለች። አንድ ቀን ዳቦውን አገላብጣ አየችና፣ "ጋሼ፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ የለዎትም?" አለችኝ።

"ፉርሽካውንማ የሚበላው ከብት ነው" አልኋት እየሳቅሁ።

"እንግዲያው ከብቶቹ ከደንበኞችዎ የተሻለ ይበላሉ" አለችና፣ ከኋላዋ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አቁማ ታስረዳኝ ጀመር። ፋይበር የሚሉት ነገር በእህሉ ልጣጭ፣ በባቄላው ቆዳ፣ በጎመኑም ውስጥ ያለ ነው አለች። ለሆድ ይስማማል፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አዘውትረው የሚበሉት ሴቶች ደግሞ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በመጠኑ ዝቅ ብሎ ይታያል አለች። "በመጠኑ" የሚለውን ቃል ረገጥ አድርጋ ነበር የተናገረችው። ሰልፈኛው አጉረመረመ። እኔ ግን ዳቦውን በእጄ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

እናቴን የገደላት ያ በሽታ ነው። በቤታችን ስም አልነበረውም። እናቴ ከቀሚሷ ሥር ደብቃ፣ ለጎረቤት ሳትተነፍስ፣ ለአባቴም ሳትነግር ኖራ፣ የታወቀባት ከዚያ በላይ ሊደበቅ በማይችልበት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ። ቁስሏን እያጠቡ ያስታመሟት የበኩር ልጇ፣ ታላቅ እህቴ ናቸው። እናቴ ስታርፍ እኔን ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። እታለም እላቸዋለሁ። እናቴን "አንቺ" ለማለት የታደልሁት ለጥቂት ዓመት ነው፤ እታለምን ግን እስከ ዛሬ "አንቱ" ነው የምላቸው።

እንግዲህ ሐኪሟ የነገረችኝን ይዤ ሥራ ጀመርሁ። ስንዴ ከነልጣጩ አስፈጭቼ ጠቆር ያለ ዳቦ ጋገርሁና ከነጩ አጠገብ ደረደርሁት። አንዷ ደንበኛዬ አንሥታ አሸተተችውና "ምን ደባለቅህበት?" አለችኝ። ሌላው "ዱቄት ጠፋ እንዴ?" አለ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ደግሞ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ችግር ከገጠመህ ለምን ለዕድሩ አትናገርም?" ብለው በሹክሹክታ አዘኑልኝ። ሐኪሟ ሁለት ሁለት ትገዛለች፤ የተረፈውን የጋሪ ፈረሶች በሉት። በዚህ ከተማ ለፈረስ ጤና እንደ እኔ የደከመ ዳቦ ጋጋሪ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ለሐኪሟ የሚበቃውን ብቻ እየጋገርሁ ወደ ነጩ ተመለስሁ።

ከተማው ባይሰማኝ እህቴ ይሰሙኛል ብዬ ወደ ቡሬ አቀናሁ። እታለም የተዳሩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ ከሚኒባስ ወርጄ በባጃጅ መንገዱ እስከሚፈቅደው እሄድና የቀረውን በእግሬ እገባለሁ። ባላቸው በቆሎ፣ ዳጉሳና ስንዴ የሚያርሱ፣ በየዓመቱ አንድ በሬ ለበዓል የሚያደልቡ ገበሬ ናቸው። ንግግራቸው ጥቂት ነው፤ ስለ በሬያቸው ካልሆነ በቀር።

በእኛ አገር ለእንግዳ የሚቆረስ ድፎ ዳቦ ዱቄቱ ሁለት ጊዜ በወንፊት መነፋት አለበት። አንድ ጊዜ የተነፋ ለቤተሰብ ይሆናል። ያልተነፋ ለእንግዳ ማቅረብ "ምነው መጣህብኝ" ብሎ እንደመናገር ነው። የባለቤቲቱ ሙያ የሚለካው በድፎው ንጣት ነው፤ በወንፊቱ ላይ የቀረው ፉርሽካ ደግሞ ለሚደለበው በሬ ይሄዳል። የእታለም ድፎ ንጣቱ በአካባቢው የተወራለት ነበር። እኔ ታዲያ በዚያ ድፎ ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ፉርሽካ መስበክ ያዝሁ።

ስብከቱም ቢሆን ሽባ ነበር። ወንድም በታላቅ እህቱ ፊት "ጡት" የሚል ቃል አይወጣውም። ስለዚህ ዙሪያውን እዞራለሁ፦ "ያልተነፋው ለጤና ይበጃል አሉ፤ ለዚያ ለእናታችን ሕመምም በመጠኑ ይረዳል ይላሉ።" እታለም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሰሙኛል። "ልክ ብለሃል ወንድምዓለም" ይላሉ። ከዚያ ተነሥተው ነጩን ድፎ ይቆርሱልኛል። በሚቀጥለው ስሄድ እንደገና እሰብካለሁ፤ ዳቦው ከበፊቱ ነጥቶ ይጠብቀኛል። ያን ሁሉ መንገድ የሚመላለስ ወንድም ይበልጥ መከበር አለበት ብለው ነው መሰለኝ፤ በሰበክሁ ቁጥር የወንፊቱ ዓይን እየጠበበ ይሄዳል። ከጉባኤዬ ሁሉ የረባው በሬው ብቻ ነበር፤ ጎኑ ተነፍቶ ቆዳው ያብረቀርቃል።

አንድ ጊዜ በዛሁባቸው መሰለኝ ፈገግ ብለው መለሱልኝ። "ዓመቱን አስበህ ታውቃለህ? ግማሹን ጾመኛ ነኝ። ባቄላውን ከነቆዳው፣ ጎመኑን ከነግንዱ፣ የዳጉሳውን እንጀራ እንዳለ ነው የምበላው። አንተ በከተማ ፓስታህን ትበላለህ፤ ፉርሽካ የሚሰበክልኝ ግን እኔ ነኝ።" ለሐኪሟ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀችና፣ "እውነታቸውን ነው፤ ስብከቱን እዚሁ ቢያደርጉት ይሻል ነበር" አለችኝ። ተቀየምሁ። ሰው ደክሞ ያመጣውን ወንጌል እንዲህ አያቃልሉበትም።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል መጣ። የእታለም ደብር የሚያነግሠው በዚያ ቀን ነው፤ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ቤታቸው በእንግዳ ይሞላል። እኔም እንደ ልማዴ ሄድሁ። ጠላው ተቀዳ፣ ድፎው ተቆረሰ፣ ለየሰዉም ደረሰ። በእኔ ፊት የተቀመጠው ግን ሌላ ነበር፤ ጠቆር ያለ፣ ሻካራ፣ ልጣጩ እንደተበተነ የሚታይ፣ ፈጽሞ ወንፊት ያልነካው ዳቦ። የእህቴ ባል አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። "ምነው አንቺ፣ ይህ ለወንድምሽ ነው?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እሱ ያስተማረኝ ዳቦ ነው" አሉ እታለም። ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ደስ አለኝ። ድል ያደረግሁ መሰለኝ። ዳቦውን ለእንግዳው ሁሉ ከፍ አድርጌ አሳይቼ፣ "እህቴ ይኸው ሰምተውኛል፤ እናንተም ስሙ" ብዬ ስለ ፋይበር ረጅም ንግግር አደረግሁ። ቀሳውስቱ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ነጩን ድፏቸውን እየገመጡ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እታለም እስከ መጨረሻው አልሰሙኝም፤ ወደ ጓዳ ገቡ።

ከምሳ በኋላ የእህቴን ባል በበሬው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። በሬው የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። "ምን ነካው?" አልሁ።

"ፉርሽካውን ማን ሰጥቶት" አሉ። "እህትህ ናት የምትበላው። ነጩን ለኛ ትጋግራለች፤ ለራሷ ፉርሽካውን በውኃ አሽታ ጠዋት ማታ እሱኑ ነው። ቂጣም ታደርገዋለች። ሱባኤ ይዣለሁ ትላለች። እኔ እንዲህ ያለ ሱባኤ አላየሁም። አንተ ነህ ያመጣኸው ብዬ ዝም አልሁ።"

ሱባኤ ሰው ያለ ነገር አይገባም። ልመና አለው፣ ስለት አለው፣ ጭንቅ አለው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ቤት ግን ፉርሽካ ሊያወጣው ነው።

ጓዳ ገባሁ። እታለም የጠላውን እንስራ እየከደኑ ነበር።

"እታለም፣ ሱባኤው ስለምንድን ነው?"

"የሱባኤ ምክንያት አይነገርም።"

"የእናታችን ሕመም ነው?"

ነጠላቸውን በግራ በኩል ሳብ አድርገው ደረታቸውን ሸፈኑ። ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ጠየቅሁ፤ "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአረም ጊዜ ጀምሮ። ገላዬን ስታጠብ እጄ አገኛት። ባቄላ ታክላለች፤ አታምም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርህ? ደግሞ ነግሬሃለሁ" አሉ። "ከዚያ ሁሉ እንግዳ ላንተ ብቻ ያልተነፋ ዳቦ ሳቀርብልህ ምን መሰለህ? ወንድሜ ነው፣ ይገባዋል ብዬ ነበር። አንተ ተነሥተህ አስተማርህበት።"

አፈርሁ፤ እፍረቴም ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ። እኔ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። እናታችንን በእጃቸው ያጠቡ ሴት፣ ያ በሽታ ሲደበቅ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ሴት፣ እንደገና ከቀሚስ ሥር ደብቀውት! ፉርሽካውንና ጠበሉን አንድ ላይ ይዘው እስከ ገና ሱባኤ ገብተዋል። "ሱባኤ ከአፍ ሲወጣ ይበተናል፤ ገና ሲደርስ ካልሟሟች ያኔ እንነጋገራለን" አሉኝ፤ ስለ አንድ የቤት ዕቃ እንደሚያወሩ ሁሉ።

"እታለም" አልሁ፤ ድምፄ ከጓዳው አልፎ ሳይሰማ አልቀረም። "ጡት ነው። እናታችንን የገደላት ጡቷ ነው፤ ይህችም ያለችው ጡትዎ ላይ ነው። ፉርሽካ እየበላ ገናን የሚጠብቀው በሬ ነው፤ የእሱ መጨረሻ ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቁታል።"

እታለም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። "ይህን ቃል ከአንተ አፍ እሰማለሁ አላልሁም" አሉ። ግን አልተቆጡም። ትከሻቸው ወረድ አለ፤ የሆነ ሸክም ከላያቸው ያነሣሁላቸው መሰለኝ። ቀጥለው፣ "ቢሆንም ሱባኤው ለእግዚአብሔር የገባሁት ቃል ነው፤ አላፈርሰውም" አሉ።

እዚህ ላይ የዳቦ ጋጋሪ ሥልጣን ያበቃል። የንስሐ አባታቸው ደጅ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበርና ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ነገሩን እንደገና በዙሪያው መዞር አልሆነልኝም፤ ቃሉ አንዴ ከአፌ ወጥቷልና በግልጽ ነገርኋቸው። አባ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

"ሐኪም ቤት መሄድ ሱባኤ ይሽራል የሚል መጽሐፍ አላነበብሁም" አሉ። "አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ሲተርቱ ጠበሉን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሱባኤዋን እንደያዘች ትሂድ። ፉርሽካዋንም ከፈለገች በአገልግል ትያዘው፤ ሐኪም አይቀማትም።"

ያዙትም። በማግስቱ ጠዋት እታለም አገልግላቸውን አንግበው ከእኔ ጋር በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ሐኪሟ ብቻቸውን አስገብታ መረመረቻቸው። እኔ ከበሩ ውጭ፣ በዕድሜዬ ጸልዬ የማላውቀውን ያህል ጸለይሁ። በሩ ሲከፈት እታለም ልብሳቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል፤ አገልግሉ ተከፍቶ ጥቁሩ ቂጣ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ለሐኪሟ እያሳዩአት ነው።

"ልጄ፣ ይህን ያህል ጊዜ በላሁት። ለምን አላቀለጣትም?"

ሐኪሟ ቂጣውን ቆርሳ ቀመሰች። "እናቴ፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ እሱን ይቀጥሉ" አለች። "ግን አጥር ነው። ያውም ቀዳዳ ያለው አጥር። ሌባ እንዳይገባ በመጠኑ ይረዳል እንጂ፣ የገባውን ሌባ አያስወጣም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይበላሉ?" አለችኝ።

እታለም ፈጠን ብለው፣ "እሱማ የሚሸጠውን ነው የሚበላ" አሉ።

ሁለቱ ሴቶች ሳቁብኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ይሰማል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ መሳቂያቸው መሆኔንም አልጠላሁትም።

ናሙና ተወስዶ ወደ ባሕር ዳር ተላከ። ውጤቱን የጠበቅንበት ጊዜ ከሕይወቴ ሁሉ ረጅሙ ነው። እታለም እቤቴ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ፣ የእኔን የልጅ ልጅ ያቅፋሉ፤ እኔ ግን ምድጃው ፊት ቆሜ ዳቦውን አሳርረዋለሁ። ፈርቼ ነበር። እናቴን ሁለተኛ የምቀብር ነው የመሰለኝ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችን፤ ካንሰር ነው፣ ግን ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም፣ በጊዜ ደርሳችኋል አለች። "እስከ ገና ብትቆዩ" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እታለም ግን ጨረሱላት፦ "በሬው ነበርሁ።"

ባሕር ዳር ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ከዚያ ጠጉር የሚያራግፈው፣ ምግብ የሚያስጠላው መድኃኒት መጣ። በዚያ ሰሞን ያ ሁሉ ስለ ምግብ የሰበክሁት ስብከት ከንቱ ሆነ፤ እታለም ነጭም ጥቁርም አልበላ አላቸው፤ እኔ አንዲት ማንኪያ አጥሚት እንዲጠጡ እለምናቸው ነበር። አንድ ቀን አጥሚቱን ጨርሰው ጽዋውን ሲመልሱልኝ ወጥቼ አለቀስሁ።

በኋላ አገግመው ወደ ገጠራቸው ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። የትኛው ወሬ? "ፉርሽካ አድኗታል" የሚለው። አካባቢው ሁሉ ወንፊቱን ሰቀለ ብል ማጋነን አይሆንም። አንዷ ጎረቤት ለራስ ምታት፣ ሌላዋ ለወገብ፣ አንዱ ደግሞ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ጭምር ፉርሽካ ያሽ ጀመር። ከተማው ለፈረስ የጣለው ስብከቴ በገጠር ተአምር ሆነ፤ ያ ሁሉ የባሕር ዳር መመላለስ፣ ያ ሁሉ የሐኪም ድካም ከወሬው ውስጥ ተነፍቶ ወጣ። አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ እጄን ሳመኝ። ምን ልበለው?

መልሱን የሰጡት እታለም ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሴቶቹ ከበው ስለ ፉርሽካው ሲጠይቋቸው ሰማሁ። "ፉርሽካ አይደለም" አሉ እታለም፤ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "ቢላዋ ነው። ጡቴ ላይ እብጠት ነበር፤ ቆርጠው አወጡልኝ። ፉርሽካውን ብሉ፣ ደግ ነው። ግን እጃችሁን አስገብታችሁ ጡታችሁን ዳስሱ። እብጠት ያገኘች ለእኔ ትንገረኝ፤ ወንድሜ የሚኒባሱን መንገድ ያውቀዋል።" ወንዶች በአጠገባቸው ያልፉ ነበር፤ አንዱ ዲያቆን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እታለም አልዞሩም።

ለፋሲካ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ በሽታው ተመልሶባቸው እንዳይሆን ነበር የምፈራው፤ ከሐኪሟ ዘንድ ለምርመራ ተመልሰው ሄደው ነበርና ምን እንደተባሉ አልሰማሁም፤ ስልክ ስደውል "ስትመጣ ታየዋለህ" ነው ያሉኝ። የእህቴ ባል በር ላይ ተቀብለውኝ መጀመሪያ ከስቶ ለገና ሳይታረድ ስለቀረው በሬ ነገሩኝ፤ ጎኑ ሞልቷል፣ ፉርሽካው ተመልሶለታል አሉ። ገብቼ ተቀመጥሁ። እታለም አጭር ጠጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው ከጓዳ ብቅ አሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ምርመራው አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ቢላዋ አምጥተው ድፎውን ፊቴ ቆረሱት።

ቁራሹን አንሥቼ ወደ በሩ ብርሃን አዞርሁት። አገላብጬ አየሁት፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከመሐሉም። አንዲት የልጣጭ ነጥብ ብትገኝበት ብዬ በደንብ ፈለግሁ፤ አልነበረችም። ሁለት ጊዜ፣ ምናልባትም ሦስት ጊዜ ተነፍቷል። ተመስገን ብዬ በላሁ።